ካርዱ የት ይቀመጥ?

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ገብሷን ተሸክማ ከደጋ የምትወርድ የላስታ ሴት ለባልንጀሮቿ ብዙ ታወራለች፤ አንዱን ጉዳይዋን ግን አታወራም። በየሦስት ወሩ ጤና ኬላ ጎራ ብላ ክንዷን ለመርፌ ትሰጣለች። ዴፖ ፕሮቬራ ይባላል። እንክብል ቢሆን መሶብ ሥር ይገኛል፤ መርፌን ማን ያየዋል? ካርዷንም ቤት አትወስደውም። ባል ወይም አማት ያገኙት እንደሆነ ጉድ ይፈላል።

ታዲያ ይህች ሴት ብትጎዳ ለማን አቤት ትበል?

መድኃኒቱን ልናወግዝ አልተነሳንም፤ ያላሰቡት እርግዝና ስንቷን እንደሚቀጥፍ እናውቃለን። ነገር ግን የወር አበባ ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ካቆሙትም በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ አንሥቶ በአማካይ አሥር ወር ያህል ያስጠብቃል። አሥር ወር ለሐኪም አጭር ነው። መካን ናት ተብላ ለምትፈታ ግን ትዳሯ ነው። በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ይህን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ይለዋል። የታወቀ ለማን?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሩን አልዘጋም። በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ደንቡ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። ብቻ ማስረዳቱ የከሳሽ ነው፤ ክሱም በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን ይህን ሲያስረዱን እራት አመለጠን።

የሆነውን እንይ። በ2005 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያት ይህንኑ መርፌ ገና እዚህ ሳሉ ጀምሮ በግፊትና ሳይገባቸው እንደተወጉ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ጤና ሚኒስቴሩም ሴቲቱ መረዳቷ ካጠራጠረ እንዳይደገም ለሐኪሞች አሳሰበ። በ2008 ዓ.ም. የመንግሥት ተቆጣጣሪው ግን ለመገደዳቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በአንጻሩ መርፌውን ለረጅም ጊዜ መወጋት ከአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር እንደሚያያዝ የፈረንሳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ካሳየ ወዲህ አሜሪካውያት አምራቹን ፋይዘርን ከሰሱ፤ ክሶቹም በ2017 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ባለ አንድ ፍርድ ቤት ተሰበሰቡ። እነሱ የሕክምና ፋይል አላቸው።

ለላስታዋ ሴት ካርድሽን አትይዢም ኖሯል ማለት ይቀላል። ካርዱ ቤት ከገባ ግን የሚመሰክረው በእሷው ላይ ነው! ስለዚህ ማስረዳቱ መዝገቡን በያዘው ወገን ላይ ይውደቅ እንላለን። መቼና ከየትኛው ብልቃጥ እንደተወጋች፣ ምን እንደተነገራትም ይጻፍ። ካልተጻፈ እንዳልተነገራት ይቆጠር።

ይህን ስንል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳስበናለች። እሷም የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት። ፍርድ ቤት ከፈራች መርፌውን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች፤ ያኔ የምትጎዳው ያችው የቅዳሜዋ ሴት ናት። ካሳው ከእሷ ደሞዝ ሳይሆን ከመንግሥትና ከአምራቹ ኪስ ይውጣ። እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው በሁለቱ ዓመት ነው፦ ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው ሰውነቷ የታወከ ዕለት ነው፣ ወይስ ምክንያቱ መርፌው መሆኑን የሰማች ዕለት?