ባዶው ወንበር

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ክርስቲያን መባል ከማን አጠገብ እንደሚያስቀምጥህ አስበህ ታውቃለህን? እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የላከውን መልእክት አስተምር ነበር። መልእክቱ 25 ቁጥር ብቻ ነው። ጳውሎስ በእስር ሳለ ባሪያውን አናሲሞስን ወደ ጌታው ሲመልስ፥ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምናል፤ ዕዳውንም በራሱ ላይ ይወስዳል። ከአገራችንም በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ በዚሁ ስም እንደ ተጠራ፥ ነጻ ከወጣም በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 እንዳሳተመ ነገርኋቸው።

ከኋላ አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለብቻው ተቀምጧል። ጓደኞቹ «ቡዳ ነው» ብለው ሸሽተውታል፤ እኔም እያየሁ ዝም ብያለሁ። ልጁ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ ፊልሞና አናሲሞስን የት አስቀመጠው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። መልእክቱ ፊልሞና ያደረገውን አይናገርም፤ ለአንባቢው ትቶታልና። በማግስቱ ልጆቹን አደባልቄ አስቀመጥኋቸው፤ ልጁን ግን ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጸጋ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። ያልደከምሁበትን ስጦታ ተቀብዬ በወንድሜ ላይ ብኮራ፥ ስጦታ መሆኑን ክጃለሁ። አንድነትም የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ሁላችንም ተቀባዮች ነንና። ልጄ ሆይ፥ ማንነትህን ለማወቅ ብትሻ የምትደግመውን ጥቅስ አትቍጠር፤ ከአጠገብህ ያለው ወንበር ለምን ባዶ እንደ ሆነ ጠይቅ።