ግፊትን መግታት፣ ለማን?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሁለት ሕሙማን ለኦፕራሲዮን ቀረቡ እንበል። አንዷ ከጀሞ የመጡ፣ ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ የኖሩ እናት ናቸው፤ የሐሞት ከረጢታቸው ሊወጣ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሌላው ሳሪስ ላይ መኪና የገጨው ወጣት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ሁለቱም በማደንዘዣ ይተኛሉ፤ ሁለቱም በመተንፈሻ ቧንቧቸው ቱቦ ይገባላቸዋል። ቱቦው ሲገባ የሚያሻቅበውን የልብ ምትና የደም ግፊት በመድኃኒት መግታት ለሁለቱም እኩል ይገባልን?

መጀመሪያ ሥሩን እንመርምር። ቱቦውን ለማስገባት ጉሮሮን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ላሪንጎስኮፕ፣ የምላስን ሥርና ማንቁርትን ሲጫን፣ የተኛው ሰው ሕመሙን ባያውቀውም ነርቮቹ ያውቁታል። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊት ይወጣል። ጭማሪው በአንድ ሁለት ደቂቃ ጣሪያ ይነካና ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረግባል። ታዲያ በራሱ ጊዜ የሚያልፈውን ነገር መከላከል ለምን አስፈለገ?

መልሱ ያለው በልብ አሠራር ውስጥ ነው። የልብ ጡንቻ ደሙን በብዛት የሚያገኘው ልብ በሚላላበት ቅጽበት ነው። ምቱ ሲፈጥን ይህ ቅጽበት ያጥራል፤ ጡንቻው ብዙ እየጠየቀ ጥቂት ይደርሰዋል። ለጤነኛ ወጣት ይህ ያልፋል፤ የልብ ደም ሥሩ ለጠበበ፣ የአንጎል ደም ሥሩ ላበጠ ወይም በእርግዝና ግፊት ለተያዘች ሴት ግን ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነው። የጀሞዋ እናትም ከዚህ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም።

መድኃኒቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፈንታኒል የሕመሙን መልእክት በመንገዱ ላይ ያደበዝዛል። ሊዶኬይን በኪሎ 1.5 ሚሊግራም ሒሳብ፣ ቱቦው ከመግባቱ 3 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ በደም ሥር ይሰጣል። ኤስሞሎል ግን መልእክቱን አይነካም፤ አድሬናሊን ልብ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ግማሽ ዕድሜው 9 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለአላፊ ችግር የሚስማማ አላፊ መድኃኒት ነው። ስለዚህ መልእክቱን ማለዘብና መልእክቱን ትቶ ምላሹን ማሰር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በሞኒተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ልዩነቱን አይነግረንም።

«ከፍታ መጥፎ ከሆነ መድኃኒቱን ለሁሉም መስጠት ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ፖይዝ የተባለው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይመልስለታል። ጥናቱ በ23 አገሮች 8,351 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ ከልብ ጋር ላልተያያዘ ኦፕራሲዮን ከቀረቡት ለግማሾቹ የኤስሞሎል ወገን የሆነው ሜቶፕሮሎል ተሰጣቸው። ድንገተኛ የልብ ጥቃት ቀነሰ፤ በአንጎል ስትሮክ የተመቱትና የሞቱት ግን በዙ። ጥናቱ ስለ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስተምረው እዚህም ይሠራል፦ የልብ ምት መርጋቱ የሰው መዳን ማለት አይደለም። ቱቦን የሚመለከቱት ጥናቶችም በአብዛኛው የሚለኩት የደቂቃዎችን ቁጥር ነው እንጂ የሰውን የኋላ ዕጣ አይደለም።

አሁን የሳሪሱን ወጣት እንየው። ደሙ እየጎደለ ግፊቱ እስካሁን ያልወደቀው የደም ሥሮቹ ስለጠበቡና ልቡ ስለፈጠነ ነው። ለእናቲቱ ጠላት የሆነው ያው ኃይል ለእርሱ ዋልታ ነው። ከፍ ያለ ፈንታኒል ወይም ኤስሞሎል ዋልታውን ይነቅላል። የአኔስቴዥያ ባለሙያዎች እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ እሱንም መጠኑን ቀንሰው።

ለእናቲቱም ቢሆን ጥንቃቄው አንድ ወገን ብቻ የለውም። ግፊት የቆየበት ሰው ቱቦ ሲገባ ግፊቱ ከሌላው በላይ ይወጣል፤ ማደንዘዣው ሲጠልቅና ቢላዋው ገና ሳይነካ ደግሞ ከሌላው በታች ይወርዳል። አሁን ጣሪያውን ለመግታት የተሰጠው ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ከ10 ደቂቃ በኋላ ወለሉን ያጠልቀዋል። በቤት የሚውጡትን ክኒንም በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም፤ በኦፕራሲዮኑ ጠዋት የቱ እንደሚወሰድና የቱ እንደሚቆይ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ከመድኃኒት ቤት የማያልቅ መከላከያም አለ። ማደንዘዣው በበቂ እስኪጠልቅ መታገሥ፣ ላሪንጎስኮፑን በእርጋታ ይዞ ከ15 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ነው። ማንቁርት ላይ የሚቆየው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ምላሹም ይበረታል። ኤስሞሎል በሌለበት ክፍል የሠለጠነ እጅ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ እኩል አይገባም። ግፊቱን መግታት የሚገባው ከፍ ስላለ ሳይሆን ባለቤቱን ስለሚጎዳው ነው። ከመርፌው በፊት ሊጠየቅ የሚገባውም «ስንት ደረሰ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሰው አቁሞ የያዘው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።