ራስሽን አታስርቢ፤ ዘይቱን ለኪ

ልጄ፣ «ጉልበቴ አላስኬድ እያለኝ እንዴት ክብደት ልቀንስ?» ላልሽኝ መልሴ ይኸው፤ ጉልበትሽ እስኪሻልሽ አትጠብቂ። ክብደት በአብዛኛው የሚቀነሰው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ግማሽ ሰዓት በዝግታ ብትራመጂ የምታቃጥዪው ካሎሪ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከያዘው ብዙም አይበልጥም፤ ያቺ ማንኪያ ብቻዋን ወደ 120 ካሎሪ አላት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡትን እያየሽ አትቅኚ። እነሱም ቢሆኑ ሲመለሱ ሁለት ሳምቡሳ በጣፋጭ ሻይ ከበሉ የሮጡት ሁሉ ተመልሶ ገብቷል።

ብትቀንሺ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ግን ያው የሚያምሽ ጉልበት ነው። በአሜሪካ የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ውፍረትና የጉልበት አንጓ መበላት ያለባቸውን ሰዎች አካሄድ ለክተው፣ ከሰውነት የወረደ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አሳይተዋል። አምስት ኪሎ ብትቀንሺ ሃያ ኪሎ ማለት ነው። ሃያ ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትንና ባዶ እጅ መውጣትን አስተያዪው። እናም የሠርግሽን ቀሚስ ለመልበስ ብለሽ አትነሺ። ዘጠና ኪሎ ከሆንሽ አራት አምስት ኪሎ ሲወርድ ጉልበትሽ ልዩነቱን ይነግርሻል፤ ዘጠኝ ሲሞላ ደግሞ ይበልጥ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ በቂ ነው። በጥድፊያ ሲቀነስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ አንጓሽን ደግፎ የያዘው ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ረሃቡ እንምጣ፤ ሁሉም ጀምሮ የሚተወው እዚህ ላይ ነውና። ቁርስ ዘለሽ፣ ምሳን በሻይ አሳልፈሽ፣ ማታ ቤት ስትገቢ መሶቡን ታራቁቺዋለሽ። ከዚያ «እኔ ወኔ የለኝም» ብለሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ። የወኔ ጉዳይ አይደለም። ስብ ሲቀንስ ሰውነት የጥጋብን መልእክት ያደክማል፣ የረሃብን ያጎላል፤ የተሠራውም እንደዚያ ነው። ሆድ ባዶ ይጠላል፤ ሙዪው፤ ጥያቄው በምን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ይህን በመለካት ካሳዩት አንዷ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ሱዛና ሆልት ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረቦቿ ጋር 38 ዓይነት ምግቦችን፣ ሁሉንም በ240 ካሎሪ መጠን፣ ለሰዎች አበሉና ለሁለት ሰዓት ያህል ምን ያህል እንደጠገቡ ጠየቋቸው። አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነው፤ ከነጭ ዳቦ ከሦስት እጥፍ በላይ አጠገበ። መጨረሻ የወጣው በቅቤ የተነባበረው ክሯሳን ነው። ያው ድንች በዘይት ተጠብሶ ሲቀርብ ግን ከነጭ ዳቦ እምብዛም አልበለጠም። ድንች ያወፍራል ብለው ያስፈራሩሽ ሰዎች ስለ ጥብሱ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር።

ሆድን የሚሞላው ውኃ፣ አሠርና ፕሮቲን ነው። ዘይትና ቅቤ ሳህኑ ላይ ቦታ አይዙም፤ ግን አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲኖረው፣ ፕሮቲንና ስታርች 4 ብቻ አላቸው። ቆሎና ንፍሮን ውሰጂ። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ ከ350 ካሎሪ በላይ አለው፤ ተቀቅሎ ውኃ ሲጠጣ መቶ ግራሙ ወደ 160 ይወርዳል። እህሉ ያው ነው፤ አፍሽ የሚደክመውና ሆድሽ የሚሞላው ግን በንፍሮው ነው። ቆሎ እያወራሽ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሳታውቂው ያልቃል። ኦቾሎኒ ከተጨመረበት ደግሞ የኦቾሎኒው መቶ ግራም ከ550 በላይ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ስንዴ ቀላቅለሽ ቅዳሜ ቀቅይና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፤ አሥር ሰዓት ላይ እጅሽ ወደ ብስኩት ሲሄድ እሱን ትዘግኛለሽ።

የቁርሱን ጨጨብሳ ለእንግዳና ለበዓል አድርጊው። በሌላው ቀን ሁለት ቅቅል እንቁላል ከቲማቲምና ቃሪያ ጋር፣ ወይም ቅቤው ጠብ ብቻ ያለበት ቅንጬ። አይብ ትወጃለሽ? ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራው የሚነጠር ስለሆነ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ደህና ነው። ክትፎው ጎን ሲቀርብ እሱን አብዢ። የተነጠረ ቅቤ መልሰሽ ካፈሰስሽበት ግን የደከምንበት ከንቱ ነው።

ወጥሽ ላይ ጨከን በዪ። ብዙ ቤት ዘይት የሚጨመረው ከጀሪካኑ በዓይን ነው። ሰባ ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቡና ሲኒ ዘይት ወደ 600 ካሎሪ ነው፤ በድስት ሁለት ሦስት ሲኒ ሲገባ ማን ይቆጥራል? ቁሌቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ በርበሬውን ጨምሪ፤ ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ ለክተሽ ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ አስቢ። ወጡ እንደ ድሮው አያብረቀርቅም፤ ባልሽም መጀመሪያ ያጉረመርም ይሆናል። ይለምደዋል።

እንጀራን አልከለክልሽም። የጤፍ እንጀራ አሠር አለው፤ ከነጭ ዳቦ ጋር ልታወዳድሪው አይገባም። ችግሩ ገበታው የጋራ ስለሆነ የበላሽውን አታውቂውም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይዘረጋል። ድርሻሽን ለይተሽ አንድ እንጀራ ይበቃኛል ብለሽ ጀምሪ፤ ላዩ ላይ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን ከወትሮው እጥፍ አድርጊው። ጎመኑን በመጀመሪያ ብዪ። ሲያንስሽ ወጥና አትክልት ጨምሪ እንጂ እንጀራ አትጨምሪ። ይህን ብቻ የያዘች ሴት ተርባ አታድርም።

በጾም ቀን የሚሳሳተው ሰው ይበዛል። ቅቤና ሥጋ ስለቀረ ሰውነት የሚቀንስ ይመስለናል፤ በ55 ቀኑ ሁዳዴ ወፍረው የሚወጡ ግን በየደብሩ አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተሽ የመጀመሪያው ጉርሻሽ ሳምቡሳና አምባሻ ከሆነ ረሃብሽ ማታ ድረስ ይከተልሻል። ጾሙን በምስር፣ በሽሮ፣ ሰናፍጭ ባለው አዚፋ ፍቺው። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ምግብሽን ከመቀነስሽም ሆነ ከመጾምሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ምግብ ሲቀንስ ስኳርሽን ከሚገባው በታች ጥለው ራስሽን ሊያስቱሽ ይችላሉ። ስለ ጾሙ ደግሞ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጨካኝ አይደለችም።

የሚጠጣውን ሳልጠቅስ አልለፍ። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 190 ካሎሪ ነው፤ አንድም ጉርሻ ያህል አያጠግብሽም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። ሽሮፕ የተጨመረበትን ስፕሪስ ደግሞ ፍራፍሬ ነው ብለሽ ራስሽን አታታልዪ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብድሽ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሲወፍሩ «ተመችቶሻል»፣ ሲቀንሱ «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ነው። ዘመድ ቤት ስትሄጂ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ይመጣል፤ ጉርሻ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። አትመልሺ። አንዷን በደስታ ተቀበዪ፣ ሁለተኛዋን ለአጉራሺሽ መልሰሽ አጉርሺ። ከዚያ «ለጉልበቴ ሐኪም አዞኝ ነው» በዪ። እኛ አገር ቅርጽሽን ለማሳመር ነው ብትዪ አይተዉሽም፤ በሽታ ካልሽ ግን ሁሉም ይተባበርሻል።

አንድ ነገር በነርስነት ስሠራ ብዙ አይቻለሁ። ጉልበቷን ያመማት ሴት ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ትገዛለች። ሕመሙ ጋብ ይላል፤ እሷም ትረካለች። ግን እነዚህ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይከፍታሉ፣ ያወፍራሉ፣ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ረሃብሽ ክኒን ከጀመርሽ ወዲህ የመጣ ከሆነ ስሙን ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ለረጅም ጊዜ ከወሰድሽው ግን በራስሽ ድንገት አታቁሚ፤ ያ ራሱ አደጋ ነው። ዳይክሎፌናክንም እንደ ከረሜላ አትያዢው፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትን ያባብሳል።

እንቅስቃሴን ጨርሰሽ ተዪ አላልኩም። ለማቅጠን ሳይሆን ጭንሽ አንጓሽን እንዲሸከምልሽ ነው የምትሠሪው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንድ እግርሽን ዘርግተሽ ትንሽ ያዢና መልሺ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ሲለመድ እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበሩ ተነሺ፣ ተቀመጪ። ሕመሙ እስከ ማግሥት ከቆየ አብዝተሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ። ሶደሬ ወይም ሌላ የመዋኛ ቦታ የመሄድ ዕድል ካገኘሽ እስከ ደረትሽ ውኃ ውስጥ ገብተሽ ተራመጂ፤ ውኃው አብዛኛውን ክብደትሽን ይሸከምልሻል። ዱካና በርጩማውን ግን ለልጆቹ ተዪላቸው፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥና መነሳት ጉልበትን ያስመርራል።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ውጪ፤ ሚዛን ከሌለሽ የቀሚስሽ ወገብ ይነግርሻል። አንጓሽ ቀልቶ፣ አብጦና ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለሽ ግን ይህን ሁሉ አቆዪውና ነገ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።