ወርዶ ማየት

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ዘንድ ሲከርም በኮምፒውተሬ ሲም ሲቲ የሚባለውን ጨዋታ ይጫወት ነበር። አንድ ማታ ከጀርባው ቆሜ ሳየው፣ ወንዝ ዳር ችምችም ብለው በተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ላይ ሰፊ መንገድ ሊያሳልፍ ነው። የቡልዶዘር ሥዕል ያለበትን ምልክት ተጫነና ማውሱን ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር ጎተተው። አቧራ ቦነነ፣ ግድግዳ የሚናድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ ከካዝናው ጥቂት ገንዘብ ተቀነሰ። አለቀ።

«ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ የለም። ቁጥር ነው።»

ልጁ እውነቱን ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። 22 ዓመት በቀያሽነት ስሠራ ይህንኑ ቃል ከትልልቅ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ ተናግሬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዚያ በፊት ሄሊኮፕተር ደሴቶችን በቦምብ የሚደበድብበት ሌላ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ ከመደብደቡ ይልቅ ደሴቶቹን መሥራቱ ጣፈጠውና ከተማ ወደ መገንባት ዞረ። ከተማዋ እንዴት እንደምታድግና እንደምትወድቅ የሚያሳየውን ሐሳብ በብዛት የቀዳው ከጄይ ፎሬስተር ነው። ፎሬስተር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ሲሆን፣ የቦስተን ከንቲባ የነበሩት ጆን ኮሊንስ ቢሯቸው ከቢሮው አጠገብ ሆኖ ሲጨዋወቱ የከተማን ችግር በኮምፒውተር ቀመር ለመፍታት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የደረሰበት መደምደሚያ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ለድሆች ርካሽ ቤት መሥራት ከተማን ይጎዳል የሚል ነበርና። ስህተት ነው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ ልተወው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ቀመሩ ውስጥ ያልገባ ነገር ከተማው ውስጥም አይኖርም። ዕድር ካልተጻፈ ዕድር የለም። ጎረቤት ካልተጻፈ ጎረቤት የለም።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የፊሊፒንስ የአርክቴክቸር ተማሪ አሳይቷል። በሲም ሲቲ 3000 ማግናሳንቲ የምትባል ከተማ ገነባ። ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ ሲያሰላ ቆይቶ ጨዋታው የሚችለውን ያህል ሕዝብ፣ 6 ሚሊዮን ሰው፣ አንድ ካርታ ላይ አሰፈረ። የከተማዋን ሥዕል አይቼዋለሁ። ከጥልፍ በላይ የተስተካከለች ናት፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የሌላው ግልባጭ ነው። የመኪና መንገድ የላትም፤ ሰው የሚጓዘው በምድር ውስጥ ባቡር ነው። ሆስፒታል የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ የእሳት አደጋ መከላከያ የለም። አየሩ የተመረዘ ነው፤ ነዋሪው ከ50 ዓመት አያልፍም። ፖሊስ ግን በየቦታው ስላለ የሚያምፅ የለም። ሠሪው ራሱ ከዚያ ሥርዓትና ታላቅነት በስተጀርባ ብዙ መከራ እንደተደበቀ ተናግሯል። በጨዋታው ሕግ ግን ከተማዋ አሸንፋለች። ስለ መጪው ዘመን ሥልጣኔ የሚጻፈውን ሁሉ፣ «ብልህ ከተማ» የሚባለውንም ጭምር፣ ከዚያ በኋላ ሳነብ ማግናሳንቲ ፊቴ ትደቀናለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ራይትን ካነሣሡት ጽሑፎች አንዱ የፖላንዱ ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም ተረት ነው። ከዙፋኑ የተባረረ ጨካኝ ንጉሥ እንዲጫወትበት አንድ ብልሃተኛ መንግሥት በሣጥን ሠርቶ ይሰጠዋል፤ ከተሞች፣ ወታደሮች፣ የሚያለቅሱ ሴቶች ሳይቀሩ። የብልሃተኛው ጓደኛ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ትንንሾቹ ሰዎች መከራ እንደሚቀበል ሰው ከሆኑ፣ መከራቸው መከራ አይደለም የሚል ማነው? ሲል ወቀሰው። ይህ ጥያቄ ለእኔ የፍልስፍና ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ከላይ የተቀመጠው ጌታ በታች ላለው ምን ዕዳ አለበት?

ልጅ ሳለሁ የኔታ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ሲያስተምሩን ምሥጢረ ሥጋዌ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዓለምን የፈጠረ ዓለም ውስጥ ተወለደ፤ ተራበ፣ ደከመው፣ ሞተ። ያኔ አልገባኝም። አሁን የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ ካርታውን የሠራው ካርታው ውስጥ ቤት ተከራየ። ከዚያም በፊት ኦሪት ዘፍጥረትን ብናይ፣ እግዚአብሔር የባቢሎንን ግንብ ለማየት ወረደ ይላል፤ በሰዶም ላይም ከመፍረዱ በፊት ጩኸቱ እውነት እንደሆነ ወርዶ ሊያይ ፈለገ። ሁሉን የሚያውቅ ምን ሊያይ ይወርዳል? አባቶች ብዙ ብለዋል። እኔ እንደ ቀያሽ አንድ ነገር አነባለሁ፦ ፍርድ ከሩቅ አይሰጥም። እዚያም ቁጥር አለ፤ አብርሃም ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ ተከራክሯል። የቆጠረው ግን ለማዳን ነው። ሰዶም አልዳነችም፤ ሳትታይ ግን አልጠፋችም።

ካርታ ጠላቴ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ከላይ ሳያዩ የውኃ መስመር አይዘረጋም፣ ጎርፍ መውጫ አያገኝም። ለዚያ ነው ልጁን ጨዋታውን ተው ያላልኩት።

ግን የማልረሳቸው አንዲት ሴት አሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ለመልሶ ማልማት የተመረጠ አንድ ሰፈር ስንለካ፣ ትሪፖዱን ደጃፋቸው ላይ ስተክል አንዲት እናት ቡና ይዘውልኝ ወጡ። «ልጄ፣ የእኔን ቤት በወረቀቱ ላይ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው፤ 38 ካሬ ሜትር፣ ከጎኑ የይዞታ ቁጥር። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ቆዩ። «የዕድሩ ድንኳንና ድስት የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። የቱ ጋ ጻፍከው?»

የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ቡናውን ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወደሚቀጥለው ቤት አለፍኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪው በተለያየ አቅጣጫ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። ድንኳኑ ማን ጋ እንደሄደ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ዛሬ በአገራችንም ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የከተማ ጨዋታ ስትሠሩ፣ ቡልዶዘሯን የያዘው ተጫዋች ከሚያፈርሰው ሰፈር በአንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲኖር አድርጉት፤ ውኃ ይቅዳ፣ ለቅሶ ይድረስ፣ የዕድር መዋጮ ይክፈል። ከዚያ በኋላ መንገዱን ያሳልፍ እንደሆነ ያሳልፍ። የድንኳኑንም ቦታ ካርታው ላይ ጻፉልኝ።