የአላፊ አግዳሚው ዓይን የማን ነው?

አንድ ነጋዴ በሱቁ ደጃፍ ላይ ስሙን ጽፎ ቢሰቅል ማንም «ለምን?» አይለውም። ደጁ የራሱ ነው፤ ስሙም የራሱ ነው። ይኸው ነጋዴ ግን ከሱቁ ርቆ በዋናው መንገድ ዳር ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ሰሌዳ ቢያቆምና ሌሊቱን ሙሉ መብራት ቢያበራበት ነገሩ ይለወጣል። እርግጥ ነው፣ ቦታውን ተከራይቷል፤ ክፍያውን ፈጽሟል፤ ደረሰኝም ይዟል። ነገር ግን የተከራየው መሬቱን ብቻ ነውን? ያ ሰሌዳ ዋጋ የሚያወጣው በቆመበት አፈር ሳይሆን በዚያ በኩል በሚያልፈው ሕዝብ ዓይን ምክንያት ነው። ሰው በማያልፍበት ጫካ ውስጥ ሰሌዳ የሚያቆም የለም። እንግዲህ የተሸጠው የአላፊ አግዳሚው ዓይን ነው ማለት ነው። የዓይኑ ባለቤት ግን አልተጠየቀም፤ ከዋጋውም አልደረሰውም።

ጋዜጣ የማይፈልግ ሰው አይገዛም። ሬዲዮ የሰለቸው ይዘጋዋል። መንገድ ዳር የቆመን ሰሌዳ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ካልሄደ በስተቀር ማንም ሊዘጋው አይችልም። ለዚህም ነው ሰሌዳ የት ይቁም፣ እንዴት ይብራ የሚለው ጉዳይ የመሐንዲስና የገቢ ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄም የሚሆነው።

ጥያቄውን ስለ ጋምቤላ እያሰብን እናንሳው። ጋምቤላን እንደ ከተማ የወለዳት ንግድ ነው። በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ወንዙ በሚሞላበት ወራት የእንፋሎት ጀልባዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው ከሱዳን ይመጡ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ በዚህች ከተማ ንግድን እንደ ባዕድ የሚያይ የለም፤ ይህ ጽሑፍም ነጋዴን ለመክሰስ የተነሳ አይደለም። ነገር ግን ያው ባሮ ራሱ ትምህርት አለው። ወንዙ የሁሉም ነው። አኝዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ከደጋ የመጣውም ይቀዳበታል፤ ያጠምድበታል። አንድ ሰው ገንዘብ ስለከፈለ ብቻ ዳሩን አጥሮ ሌላውን ቢከለክል ግፍ ነው እንላለን። መንገድና በመንገድ ላይ የሚታየው ነገርም እንዲሁ የጋራ ሀብት ነው።

«ውኃና መንገድ ገና ባልተሟላበት ከተማ ስለ ሰሌዳ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው፦ ሥርዓት የሚቀለው ሰሌዳው ሳይበዛ ነው። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በሰሌዳ ከተዋጠች በኋላ ሕግ አውጥታ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የንግድ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ከአደባባይ ከለከለች። በሺህ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎችን ማስወረድ፣ ከድርጅቶች ጋርም ፍርድ ቤት መቆም ግድ ሆነባት። ገና በማደግ ላይ ያለች ከተማ ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ገጽ ደንብ ልትድን ትችላለች።

በአገራችንም ቢሆን መሠረቱ ተጥሏል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከቤት ውጪ የሚሰቀለውንም ማስታወቂያ ይመለከታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ትምባሆን ማስተዋወቅን ከልክሎ በአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ጥብቅ ገደብ ጥሏል። ይህ ማለት «የከፈለ ሁሉ ያሻውን ያሳይ» የሚለው ነገር በሕጋችን ፊት ወድቋል ማለት ነው። የቀረው የቦታውና የብርሃኑ ጉዳይ ነው።

ብርሃን በራሱ መልካም ነገር ነው። ሆኖም በማን ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር ለሁለት ሴኮንድ ዓይኑን ወደ ሰሌዳ ቢያነሳ፣ 28 ሜትር ገደማ መንገዱን ሳያይ ተጉዟል። ከብርቱ ብርሃን ወደ ጨለማ የተመለሰ ዓይን ደግሞ ወዲያው አይለምድም። በዚያች ቅጽበት ከሰሌዳው አለፍ ብሎ በጨለማ የሚሻገረው እግረኛ አይታየውም። ጋምቤላ ሞቃታማ አገር ናት፤ ሰዉ ወደ ገበያም ወደ ዘመድም መውጣት የሚመርጠው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሰሌዳው አምሮ፣ ከሥሩ የሚሄደው ሰው ግን በጨለማ የሚዳክር ከሆነ፣ ብርሃኑ የሰጠው ከወሰደው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ከመንገድ ምልክት ጋር የሚያምታታ ወይም የተጓዥን ዓይን የሚያጭበረብር ሰሌዳ እንዳይቆም ያስገድዳል።

በእስልምና መንገድ ሐቅ አለው፤ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትም ከመልካም ሥራ ይቆጠራል። የጥንቱ እንቅፋት ድንጋይና እሾህ ነበር። የዛሬው እንቅፋት ዓይን የሚወጋ ብርሃንም ሊሆን ይችላል።

በጋምቤላ ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የመጡ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን ተቀብሏል። እርዳታ ባለበት ሁሉ ደግሞ የረጂዎች ሰሌዳ አለ። ጉድጓዱን ማን እንዳስቆፈረ፣ ክፍሉን ማን እንዳሠራ ይጻፋል። ረጂው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማሳወቁ ተገቢ ነው፤ ያለዚያ አደራ በላ ይበዛል። ሆኖም ቧንቧው ሲሰበር ለማን መንገር እንደሚገባ የምትገልጽ ትንሽ ሰሌዳና የተራበ ሕፃን ፎቶግራፍ ተለጥፎበት አውራ ጎዳና ላይ የሚያበራ ትልቅ ሰሌዳ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ተረጂውን ታገለግላለች። ሁለተኛው በተረጂው ይገለገላል። ያ ሕፃን ነገ አድጎ በዚያው መንገድ ሲያልፍ የራሱን ችግር ለሌላው ስም ማስጠሪያ ሆኖ ቢያገኘው ምን ይላል? የሰጪ ስም ገንኖ የተቀባይ ክብር የሚያንስበት ምጽዋት፣ ምጽዋትነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሚዛኑም እዚህ ላይ ይገኛል፦ ሰሌዳው አላፊውን ያገለግላል ወይስ በአላፊው ይገለገላል? የጤና ጣቢያ አቅጣጫ፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ የትምህርት ቤት ምልክት አላፊውን ያገለግላሉ፤ ሌሊትም ቢበሩ ይገባቸዋል። ቋንቋውም በዚሁ ይመዘናል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛና መዠንግርኛም የሚነገሩበት አገር ነው። ሰው በማይረዳው ቋንቋ የሚጮህ ሰሌዳ ዓይኑን ወስዶ ምንም አልሰጠውም።

«ማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ያስፈልገዋል፤ ገቢውም ለሕዝብ ይመለሳል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ገቢ የሚያስገኝ ሁሉ አይሸጥም። በመንገድ ዳር ያለው ጥላ ዛፍ ተቆርጦ ቢሸጥ ገንዘብ ያመጣል። በዚያ ሐሩር ግን ዛፉን የሚሸጥ አስተዳደር የሕዝቡን እስትንፋስ ሸጠ ይባላል። ሰሌዳው እንዲታይ ተብሎ ዛፍ ቢመለመልም ያው ነው።

ስለሆነም ደንቡ ብዙ መራቀቅ አያስፈልገውም። ሰሌዳ ከመስቀለኛ መንገድና ከድልድይ ይራቅ፤ ዛፍ አይቆረጥለት። መብራቱ ከላይ ወደ ታች ይሁን እንጂ ከታች ወደ ሰማይ አይርጭ። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው ሰሌዳ ሲመሽ ብርሃኑን ይቀንስ። ፈረንሳይ ከጥቂት ስፍራዎች በስተቀር የማስታወቂያ መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲጠፋ ደንግጋለች፤ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት በሚጠጋበት በጋምቤላም ሰዓት መወሰን ይቻላል። ከሰሌዳ ከሚሰበሰበው ገንዘብም በቅድሚያ የእግረኛው መንገድ ይብራበት።

በመጨረሻም ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ይሁን። መስጊድም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መንግሥትም፣ ድርጅትም ሰሌዳ ይሰቅላሉ። በጋምቤላ ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ ነው። ደንቡ በገንዘብ ወይም በብዛት ቢመዘን ተጎጂ ይሆን ነበር፤ በአላፊው ሐቅ ከተመዘነ ግን እንደማንኛውም ሰው ይጠበቃል። ታዲያ እኛን የሚጠብቀን ሚዛን የእኛንም ሰሌዳ ሲያስወርድ ማጉረምረም አይገባንም። መንገዱ የጋራ ነው፤ ጨለማውም ብርሃኑም የጋራ ነው። ከጋራው ላይ የሚወስድ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቅ።