ከጎማ የተላቀቀ ሞተር

ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ትንሽ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። የሮታሪ ሞተር ይኸው ነው፤ የሚዞረው ብረት ሮተር ይባላል። ሦስቱ ጫፎች ግድግዳውን ሳይለቁ ስለሚሄዱ ቤቱ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይቆያል፤ በአንዱ በኩል ቤንዚንና አየር ሲገባ በሌላው ይታመቃል፣ በሦስተኛው ጭሱ ይወጣል። ባልቦላ የለው፣ ቢየላ የለው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን ስለሌለው መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው፤ ጠባብ ቦታ ይዞም ብዙ ጉልበት ይሰጣል። እሳትን ወደ መዞር የመለወጥ ሐሳብ እንዲህ ቀልሎ ሲሠራ ማየት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጭንቁ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ቀጭን ማሸጊያ ተሰክቷል፤ ሥራው የፒስተን ፋሻ ሥራ ነው። ፋሻ ግን ክብ ስለሆነ ሲሊንደሩን ዙሪያውን ይዞ ይቀመጣል። ይህኛው ግድግዳውን የሚነካው በአንዲት መስመር ብቻ ነው፣ ዘመም የሚልበት አንግልም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጀርመኑ ኤንኤስዩ ኩባንያ ሮታሪውን የመሥራት ፈቃድ ካገኘ በኋላ ኬኒቺ ያማሞቶ የሚመራቸው መሐንዲሶች ሂሮሺማ ላይ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ማሸጊያው እየተንቀጠቀጠ የግድግዳውን ውስጥ በሞገድ መልክ ይቧጥጠው ነበር። ጭረቱን የሰይጣን ጥፍር ብለው ጠሩት። ካርቦንና አሉሚኒየም አዋህደው የሚበጅ ማሸጊያ ሲያገኙ፣ በ1967 ባለ ሮታሪዋ መኪና ኮስሞ ስፖርት ለገበያ በቃች። በዚያው ዓመት ኤንኤስዩ ያወጣት አርኦ 80 ግን በማሸጊያዎቿ ምክንያት ስሟ ጠፋ፤ ኩባንያውም በ1969 በፎልክስዋገን ሥር ገባ።

ሌላው ችግር በማሸጊያ የሚፈታ አልነበረም። እሳቱ የሚነሳበት ክፍል ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። ነበልባሉ ከካንዴላው ተነስቶ ዳር እስኪደርስ ሰፊው ግድግዳ ሙቀቱን ይበላዋል፤ ጥቂት ቤንዚንም ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል። በዝቅተኛ ዙር፣ መኪናው በየመብራቱ እየቆመ ሲነሳ ይህ ይብሳል። ስለዚህ የሮታሪ ሞተር ትልቁ ፈተና የሾፌሩ እግር ነበር ብዬ አምናለሁ። እግር ያሻውን ዙር ያዝዛል፤ ሞተሩ የሚመቸውን ማንም አይጠይቀውም።

ሞተሩን ከጎማ ማላቀቅ የሚለው ሐሳብ ይህን ፈተና ያቀልለታል። መብራት ሲጠፋ ከሱቅ ጀርባ የሚነሳው ጄኔሬተር ገበያተኛው ቢበዛም ቢያንስም በአንድ ድምፅ እንደሚሠራ፣ ሮታሪውም የሚስማማውን ዙር ይዞ ኤሌክትሪክ ያመንጭ፤ ጎማውን የኤሌክትሪክ ሞተር ያሽከርክረው። አውዲ በ2010 ጄኔቫ ላይ ባሳያት ኤ1 ኢትሮን ያደረገው ይህንኑ ነው። 254 ሲሲ ብቻ የሆነች ሮታሪ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ተቀምጣ፣ በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ጸንታ 15 ኪሎዋት ታመነጭ ነበር። መኪናዋ ግን ለገበያ አልወጣችም።

ለገበያ ያደረሰው ማዝዳ ነው። በ2012 ባለ ሮታሪዋ መኪናው አርኤክስ 8 ከተቋረጠች ወዲህ የጠፋው ሞተር፣ በ2023 ኤምኤክስ 30 አርኢቪ በተባለችው መኪና ውስጥ ተመለሰ። አንድ ሮተር፣ 830 ሲሲ፤ ከጄኔሬተሩና ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር በአንድ መስመር ተሰድሮ ከፊት ኮፈን ሥር ይገባል። ባትሪዋ 17.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ብቻውንም 85 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ሮታሪው ከ50 ሊትሩ ነዳጅ ታንክ እየቀዳ መንገዱን ያስቀጥላል። የጫፍ ማሸጊያዎቹ ውፍረት ከ2 ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር አድጓል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት፤ የስድሳ ዓመት ልፋት ግን የሚለካው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

በ1991 በለ ማን የመኪና ውድድር ባለ ሮታሪዋ የማዝዳ 787ቢ ያሸነፈችበትን ጩኸት የወደዱ ሰዎች በዚህ አዲስ ሥራ ቢያዝኑ እረዳቸዋለሁ። ያን ጊዜ በድምፁ የተወደሰ ሞተር ዛሬ እንዳይሰማ ተደርጎ ይሠራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነዳጁ ነው። የእሳቱ ክፍል ዛሬም ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፤ ባትሪው ካለቀ በኋላ የኤምኤክስ 30 የቤንዚን ፍጆታ ከጥሩ ባለ ፒስተን ሃይብሪድ ይበልጣል። የሚመች ዙር ማግኘት ጉድለቱን አሳንሶታል እንጂ አላጠፋውም። ለዚህ ዋጋ የሚገኘው ትንሽነትና ልስላሴ ነው፤ ቦታ በጠበበበት መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው 2023 ማዝዳ ቶኪዮ ላይ አይኮኒክ ኤስፒ የተባለች የስፖርት መኪና ለእይታ አቀረበ። ሁለት ሮተር አላት፤ ሁለቱም የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ነው። ኮፈኗ ያን ያህል ዝቅ ሊል የቻለው ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ለገበያ እንድትበቃ ከልቤ እመኛለሁ፤ ባለ አንድ ሮተሩ ያልመለሰው የነዳጅ ጥያቄ በእሷ ላይ ሲፈተን ማየት እፈልጋለሁ።