አራተኛው ገበያ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚያቆለቁለው አገር አንድ ሐኪም ቤት ነበረ ይላል ምሳሌው። ለልብ ሕሙማን ስድስት አልጋ ነበረው፤ ስድስቱም ሞልተው ይከርማሉ። ሰባተኛው በቃሬዛ ሲመጣ መተላለፊያው ላይ ይተኛል። ሼሁና መምሬ ያሉባቸው ሽማግሌዎች ገንዘብ አዋጥተው ስድስት አልጋ ጨመሩ። በጥር የተጨመረው በሚያዝያ ሞላ።

ዳግመኛ ሊያዋጡ ሲሰበሰቡ ክፍሉን የምትመራው ነርስ መዝገቧን ይዛ ቆመች። «አባቶቼ፣ ከተኙት የሚበዙት አምና ተሽሏቸው የወጡት ናቸው፤ መርፌውን አቋርጠው ነው የተመለሱት» አለች።

ይህ የልብ ሕመም የሚነሣው ከልጅነት ነው። ቶንሲል ነው ተብሎ ሳይታከም የታለፈ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ ሊያቆስል ይችላል። በየ28 ቀኑ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል። ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ ግን የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ወረፋ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ የአልጋ ቁጥር ብቻ የያዘ ዕቅድ እኔን አያሳምነኝም፤ በሽተኛው ከየት መጣ፣ ሲወጣስ ማን ይቀበለዋል የሚለው መቅደም አለበት።

«ታዲያ መርፌውን ለምን ይተዉታል?» አሉ ሼሁ።

«ለአንድ መርፌ ሙሉ ቀን ይጓዛሉ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ሁለት ሦስቱ ያመልጣቸዋል። ከመስቀል በኋላ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ።»

ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንዲት እናት ከበሩ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣ ቀኑን በምን እንያዘው? በሚካኤል?»

«ሚካኤል በ30 ቀን ነው የሚመለሰው እናቴ፤ ቀኑ እየሸሸ ይሄዳል።»

«እንግዲያው በገበያ ይሁን። አራተኛው ገበያ 28ኛው ቀን ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ገበያ አይቀርም።»

መዋጮው በየገበያው አጠገብ ላሉት ጤና ጣቢያዎች ዋለ፤ ወንዝ ማዶ ላሉት የክረምቱ መድኃኒት በሰኔ ቀድሞ ተሻገረ። ሕመምተኛው ጨውና በርበሬ ሊገዛ ሲወጣ ተወግቶ ይመለስ ጀመር። በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ክፍሉን ሊጎበኙ መጡ፤ አንድ አልጋ ተነጥፎ ባዶ ነበር።

«ይኼ ለምን ሥራ ፈታ?» አሉ መምሬ ቆጣ ብለው።

«ሥራ አልፈታም አባቴ። ሌሊት ትንፋሹ ተቆርጦ ለሚደርሰው ሰው የተያዘ ነው።»

ሼሁ ጥቂት አሰቡ። «ከመስቀል በኋላስ አንድ ይበቃል?»

ነርሷ መዝገቡን ገልጣ ያለፈውን መስከረምና ጥቅምት አሳየቻቸው። ለዚያ ወቅት ሦስት እንዲያዝ ተስማሙ።